የወደቀውን ተዉት ይተኛበት

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሰው ድንገት ሲወድቅ የሚሉት አንድ የጨዋታ ቃል አላቸው፤ «ኪል ኦቨር» ይሉታል። ፈተና ላይ የሚመጣ ቃል አይደለም። ሐኪም በታካሚው ካርድ ላይ አይጽፈውም፤ ማታ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ የቀኑን ውሎ ሲያወራ ግን እርሱ ነው የሚቀናው። ቦታው ወሬ ውስጥ ነው። «እራት እየበላን ሳለ አጎቴ ኪል ኦቨር አደረጉ» ብሎ አንዱ ሲጀምር ሰሚው ሹካውን አስቀምጦ ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ አጎትየው ወይ ውሃ ተጎንጭተው ወደ ገበታቸው ይመለሳሉ፣ ወይ ቀብራቸው ይነገራል። ቃሉ ሁለቱንም ይችላል። ራስን መሳትም ነው፣ መሞትም ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ወሬው ሲያልቅ ነው።

የውጭ ፊልም በአማርኛ የሚተርኩልን ሰዎች እዚህ ቃል ላይ ሲደርሱ ላብ ሳያጠምቃቸው አይቀርም። ተራኪው «ወደቁ!» ካለ ተመልካቹ እስኪነሡ ይጠብቃል፤ አጎትየው ግን በሚቀጥለው ትዕይንት ሣጥን ውስጥ ናቸው። ጠንቀቅ ብሎ «ሞቱ!» ካለ ደግሞ፣ ተመልካቹ ከንፈሩን መጥጦ ሳይጨርስ አጎትየው በረንዳ ላይ ሲጋራ ሲያጨሱ ይታያሉ። እኔ ብሆን «ተደፉ» ብዬ አልፍ ነበር። የተደፋ ሰው ሊነሣም ላይነሣም ይችላል፤ «ድፍት ያርግህ» ብሎ የሚራገም ሰውም ይነሣል ብሎ አይደለም።

ቃሉ የመጣው ከባሕር ነው። ኪል የሚባለው ከመርከብ ሆድ በታች፣ ከፊት ጫፍ እስከ ኋላ ጫፍ የሚጋደመው ወፍራም ግንድ ነው፤ የመርከቧ አከርካሪ ማለት ነው። መርከብ ሲሠራ መጀመሪያ የሚጋደመው እርሱ ነው፤ ጎድኖቿ የሚተከሉት በርሱ ላይ ነው። ቦታው ውሃ ውስጥ ስለሆነ በደኅና ቀን ማንም አያየውም። ታየ ማለት መርከቧ ሆዷን ለሰማይ ሰጠች ማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መርከበኞች እንዲህ ያለውን መገልበጥ ኪል ኦቨር አሉት፤ ብዙም ሳይቆይ ቃሉ ወደ የብስ ወጥቶ ሰው ላይ ተሳፈረ።

መርከብ እንዴት እንደምትገለበጥ ማወቅ የፈለገ ሰው የስዊድኖቹን ቫሳ ታሪክ ይስማ። ንጉሣቸው ዳግማዊ ጉስታቭ አዶልፍ ከፖላንድ ጋር ጦርነት ላይ ስለነበሩ፣ ጠላት ገና ሲያያት ልቡ የሚከዳው መርከብ አማራቸው። 64 የነሐስ መድፍ፣ ሁለት ድርብርብ የመድፍ ወለል፣ በየቦታው የተቀረጸ አንበሳና ጀግና ተጫነባት። ከላይ ግርማ በግርማ ሆነች፤ ከታች ግን ሚዛን እንዲጠብቅ የሚጫነው ድንጋይ አነሳት። ዋናው መርከብ ሠሪ ደግሞ ሥራው ሳያልቅ እ.ኤ.አ. በ1627 ሞተ።

ከመሄዷ በፊት ተፈትና ነበር። አፈታተኗም እንዲህ ነው፦ 30 ሰዎች ከመርከቧ አንድ ጎን ወደ ሌላው፣ ደግሞም ወደ መጡበት እንዲሮጡ ተደረገ። ሦስት ጊዜ ሲመላለሱ መርከቧ ክፉኛ ስለተንገዳገደች ምክትል አድሚራል ክላስ ፍሌሚንግ ሩጫውን አስቆሙ። ይህን ልድገመውና፣ ፈተናው መርከቧ እንደምትገለበጥ ስላሳየ የተቋረጠው መርከቧ ሳትሆን ፈተናው ነው። አድሚራሉ «ምነው ንጉሡ እዚህ በነበሩ» አሉ ይባላል። ንጉሡ ግን ሩቅ ነበሩ፤ መልእክታቸውም «ቶሎ በሉ» ነበር።

ኦገስት 10 ቀን 1628 የስቶክሆልም ሕዝብ ወደብ ወርዶ እያየ ቫሳ ሸራዋን ዘረጋች። የስንብት መድፍ ተኮሰች፤ የመድፎቹ መስኮቶችም እንደተከፈቱ ቀሩ። 1300 ሜትር ያህል እንደሄደች አንድ ነፋስ መጣ፤ አውሎ ነፋስ እንዳይመስላችሁ፣ ነጠላ ከትከሻ የሚያነሣ ዓይነት ነው። መርከቧ ወደ ግራ ጎኗ ተጋደመች፤ ውሃው በመስኮቶቹ ዘልቆ ገባ፤ ከነባንዲራዋ ሰጠመች። 30 ያህል ሰው ሞተ።

ምርመራ ተቋቋመ። ሠሪዎቹ ንጉሡ በፈቀዱት ልክ ነው የሠራነው አሉ። መርከበኞቹ አልሰከርንም፣ መድፎቹም በደንብ ታስረው ነበር አሉ። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው ሲባል እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው የሚል መልስ ተሰጠ። ማንም ሳይቀጣ መዝገቡ ተዘጋ። ስዊድን ሩቅ አገር ናት፣ የዚህ ዓይነት ምርመራ ግን ሩቅ አይመስለኝም። መርከቧ 333 ዓመት ባሕር ሥር ቆይታ ኤፕሪል 24 ቀን 1961 ወጣች፤ ዛሬ በስሟ በተሠራ ሙዚየም ውስጥ ቆማ ጎብኚ ትኬት እየቆረጠ ያያታል። በ1300 ሜትር ጉዞ ይህን ያህል ስም ያተረፈች ሌላ መርከብ ካለች ንገሩኝ።

ወደ ሰው የተሻገረው ቃል ይህን ሁሉ ጭኖ ነው የተሻገረው፤ ስለዚህ አጠቃቀሙ የራሱ ደንብ አለው። ድንጋይ አደናቅፎት የወደቀ ሰው ኪል ኦቨር አላደረገም፤ ሰበብ አለው፣ እጁንም ዘርግቷል። ሰካራም ግድግዳ ተደግፎ ቀስ እያለ ተንሸራቶ ቢቀመጥ እርሱም አላደረገም። ሰውየው ቅድም ደኅና የነበረ፣ አወዳደቁም ድንገተኛ መሆን አለበት፤ ሲሄድም እጥፍ ዘርጋ ሳይል በሙሉ ቁመናው መሄድ አለበት። አትክልተኞችም ይሉታል፤ ማታ ቀጥ ብሎ ያደረ ችግኝ ጠዋት አፈር ላይ ተጋድሞ ሲገኝ ያው ነው። ለማጋነንም ያገለግላል፤ ለንደን ውስጥ የቤት ኪራይ ሲነገረው ኪል ኦቨር ሊያደርግ የነበረ ሰው መንገድ ሙሉ ነው። ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስለ ሌላ ሰው የሚነገር ቃል ነው። ባለቤቱማ ምን ያውቃል? ሲነቃ የሚያየው ጣሪያና ያጎነበሱ ፊቶች ነው፤ በእንግሊዝኛም ይሁን በአማርኛ የመጀመሪያ ጥያቄው «ምን ሆኜ ነው?» ነው። ሲነገረው ደግሞ ይክዳል። «ትንሽ ዞረብኝ እንጂ አልወደቅኩም» ይላል፣ ግንባሩ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ይዞ።

«ኮንክ አውት» የሚባል ዘመድም አለው። እርሱ የሞተር ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አብራሪዎች ሞተራቸው አየር ላይ ቀጥ ሲልባቸው ይሉት ነበር። ዛሬ ሶፋ ላይ እንቅልፍ የጣለው ሁሉ ይባልበታል። ለርሱ ሌላ ጊዜ እንመለስበታለን፤ ካልተኛን።

በመውደቅ ጉዳይ አማርኛም እጁ አጭር አይደለም። ወፈር ያለ ሰው ሲወድቅ ዘጭ ይላል፤ ድምፁን ጎረቤት ይሰማዋል። በግንባሩ የሄደ ድፍት ይላል። አልጋ ጫፍ ላይ የተኛ ሕፃን ክንብል ይላል። መርዶ የሰማች እናት ዘፍ ትላለች። ጉልበቱ የከዳው ዝልፍልፍ ይላል፤ የዚህኛው ደግነቱ ሰው ደርሶ እንዲይዘው ፋታ ይሰጣል። በቡጢ የሄደ ይዘረራል። የዘመኑ ልጆች ደግሞ «ፌንት ነቀለ» ይላሉ፤ ፌንት ምን ሥር ኖሮት እንደሚነቀል እስካሁን ያስረዳኝ የለም። እኔን ብትጠይቁኝ ለኪል ኦቨር የሚቀርበው «ግንድስ አለ» ነው። የሚገነደስ ዛፍ ነው፤ ሳይታጠፍ፣ ከነቁመቱ፣ አጠገቡ ያለውን ይዞ።

በዚህ አወዳደቅ ዓለም የሚያውቃቸው የለንደን የቤተ መንግሥት ዘቦች ናቸው። በየዓመቱ በጁን ወር ሆርስ ጋርድስ በሚባለው አደባባይ የንጉሡን ልደት የሚያከብር ሰልፍ ያሳያሉ። እስከ አንገት የተቆለፈ ቀይ የሱፍ ኮት ይለብሳሉ፤ ራሳቸው ላይ ደግሞ ከካናዳ ጥቁር ድብ ቆዳ የተሠራ፣ ቁመቱ ግማሽ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቆብ ይጭናሉ። ሥራቸው አለመንቀሳቀስ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 2023 ልዑል ዊሊያም ከዋናው በዓል በፊት የሚደረገውን ሰልፍ ሲመለከቱ ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ደርሶ ቢያንስ ሦስት ወታደሮች ተገነደሱ። ከመካከላቸው አንዱ የትሮምቦን ተጫዋች ነበር። ከነመሣሪያው ወደቀ፣ ተነሣ፣ ትሮምቦኑን አፉ ላይ አድርጎ ሊቀጥል ሞከረ፤ ሐኪሞች መጥተው ወሰዱት። ልዑሉም በዚያ ሙቀት ለቆሙት ሁሉ ምስጋና አቀረቡ።

የእነዚህን ወታደሮች ፎቶ ያየ ሰው የሚገርመው አወዳደቃቸው ነው። አንዳንዱ እጁን እንኳ አልዘረጋም፤ በተጠንቀቅ እንዳለ በፊቱ ተደፍቷል። ከጎኑ ያለው ጓደኛው ደግሞ ዓይኑን አላዞረም። እኛ አገር ቢሆን ሰልፉ በሙሉ ፈርሶ፣ ፈረሱ ሳይቀር «ምን ሆነ?» ብሎ በመጣ ነበር።

ወታደሩ የወደቀው ደካማ ሆኖ አይደለም። ሰው ተነሥቶ ሲቆም ግማሽ ሊትርና ከዚያም በላይ ደም ወደ እግሩና ወደ ሆዱ ይወርዳል። ይህን ሁሉ ሽቅብ የሚመልሰው ልብ ብቻውን አይደለም፤ የባት ጡንቻ ያግዘዋል። ሰው ሲራመድ፣ ሲቁነጠነጥ፣ ከእግር ወደ እግር ሲለዋወጥ ባቱ እየተኮማተረ ደም ሥሩን ይጨምቀዋል፣ ደሙም ይወጣል። ጉልበቱን አድርቆ ሐውልት ሲሆን ግን እገዛው ይቆማል። ሙቀት ሲጨመርበት የቆዳ ደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ውሃና ቁርስ ከሌለ ደግሞ ይብሳል። ልብ ለጥቂት ጊዜ በፍጥነት እየመታ ይታገላል። ከዚያ ምን እንደነካው እንጃ፣ ሰውነት ድንገት ሐሳቡን ይቀይራል፤ ቬገስ የሚባለው ነርቭ ልብን ያዘገየዋል፣ ደም ሥሮቹም ይላላሉ፣ ግፊቱ ያሽቆለቁላል። አንጎል ከ6 እስከ 8 ሰከንድ ያህል ደም ካጣ ራስን መሳት ይመጣል። መርፌ ወይም ደም ሲያዩ የሚወድቁትም መንገዱ ይኸው ነው። እነርሱ ፀሐይ አያስፈልጋቸውም፤ ነርሷ ጥጥ ስታነሣ ይበቃቸዋል። የሚገርመው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወጣትና ጠብደል መሆናቸው ነው። አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው «ቶሎ በይ ልጄ፣ ወጥ ጥጄ ነው የመጣሁት» እያሉ ሲወጉ፣ ከኋላቸው ተራ የሚጠብቀው ጎረምሳ ወለሉ ላይ ነው።

ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሰውየው ወደቀ። ተጋደመ። ጭንቅላቱና ልቡ እኩል ሆኑ። ዳገት መውጣት ያቃተው ደም አሁን ሜዳ ሆነለት፤ አንጎሉ ጋ ደረሰ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደቂቃ ሳይሞላ ሰውየው ዓይኑን ገለጠ። ማንም ምንም ሳያደርግለት። እንግሊዞች ቃሉን ከመርከብ ሲዋሱ የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። መርከብ ስትጋደም አለቀላት፤ ሰው ሲጋደም ግን ተረፈ። አፍንጫ ቢሰበር፣ ጥርስ ቢወልቅ፣ ያ የመሬቱ ጥፋት ነው። መውደቁ ራሱ ሰውነት ለራሱ ያዘዘው መድኃኒት ነው።

እኛም ብንሆን በመቆም የተፈተንን ሕዝብ ነን። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ሰልፍ ላይ የቆመ ሁሉ ያስታውሰዋል። ርዕሰ መምህሩ ማይክሮፎን ከጨበጡ አይለቁም፤ ስለ ዩኒፎርም፣ ስለ ማርፈድ፣ ስለ ጠፋው የቮሊቦል መረብ ይናገራሉ፤ ፀሐይዋ ትበረታለች፤ ከዚያ ከሰባተኛ ክፍል ሰልፍ መካከል አንዲት ልጅ ትጠፋለች። ቁርስ ሳትበላ የመጣች ናት። ሰልፉ እዚያ ቦታ ላይ ይሸረሸራል፤ ንግግሩ ግን ይቀጥላል። ወንዶቹ ተሸክመው ለመውሰድ ይሽቀዳደማሉ። ከሰልፍ ለማምለጥ ከዚህ የበለጠ የተከበረ መንገድ ኖሮ አያውቅም።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ግን ለዚህ ነገር ከጥንት ጀምሮ መላ አላቸው። ሌሊቱን ሙሉ ማሕሌት ቆመው ያድራሉ፤ ብዙዎቹ ለለንደን ዘቦች አባት ወይም አያት የሚሆኑ ናቸው፤ ሲገነደሱ ግን አይታዩም። መቋሚያ አላቸው። ብብታቸው ሥር አስገብተው ይደገፉታል። ደግሞም ደርቀው አይቆሙም፤ በጸናጽሉና በከበሮው ወደ ፊት ወደ ኋላ፣ ወደ ቀኝ ወደ ግራ ይላሉ። ወረቡ ለእግዚአብሔር ነው፤ ለባትም ሳይጠቅም አይቀርም። የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ብሆን ለእያንዳንዱ ዘብ አንድ አንድ መቋሚያ አድል ነበር።

ከሰው ወጣ ብለን አሜሪካ፣ ቴነሲ ግዛት ብንሄድ ደግሞ፣ «ራሳቸውን የሚስቱ ፍየሎች» የሚባሉ አሉ። በ1880ዎቹ ቲንስሊ የሚባል ሰው ወደ ማርሻል ካውንቲ ይዟቸው እንደመጣ ይነገራል። ሲደነግጡ እግራቸው ድርቅ ይልና እንደ ቆሙ ይገነደሳሉ። ስማቸው ግን ሐሰት ነው፤ ራሳቸውን አይስቱም። ሕመሙ ማዮቶኒያ ይባላል፤ የተኮማተረ ጡንቻ ቶሎ አልላላ ይላል። ፍየሏ ለጥቂት ሰከንድ አራት እግሯን ዘርግታ ተኝታ ሁሉን ታያለች፣ ሁሉን ትሰማለች። ገበሬዎቹ ወደዷቸው፤ አጥር አይዘሉምና። ግልገሎቹ በየጊዜው ይወድቃሉ፤ ያረጁት ግን እግራቸውን ከፈት አድርገው ወይም አንድ ነገር ተደግፈው ማሳለፍ ይማራሉ። ጅብ ባለበት አገር ይህ ዝርያ አንድ ሌሊት አያድርም ነበር።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን ሚዜ ነው። ሚዜ ዋዜማውን ሲጨፍር አምሽቶ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቶ መኪና ሲያሳጥብ፣ አበባ ሲያስለጥፍ፣ የጠፋ ከረባት ሲያፈላልግ ያረፍዳል። እህል አልቀመሰም። ሱፉ ጥቁር፣ ጫማው አዲስ፣ አንገቱ ጥፍንግ። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ መናፈሻ ውስጥ ፀሐይ ላይ ያሰልፉትና ካሜራ ማኑ «እንዳትንቀሳቀሱ!» ይላል። የለንደኑ ዘብ ቢያንስ ደመወዝ ይከፈለዋል።

አንድ ሠርግ ላይ ይኸው ሆነ። ሦስተኛው ሚዜ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ግንባሩን ላብ አቸፈቸፈው፤ ከዚያ ግንድስ! ሁለተኛውን ሚዜ ታኮ፣ የሙሽራዋን ቬሎ ጫፍ ይዞ ሣሩ ላይ ተጋደመ።

«ክብሪት! ክብሪት አምጡ!»

«ሎሚ የያዘ የለም?»

«አየር ስጡት! ራቁ! አየር ስጡት!» የሚሉት ሰውዬ ራሳቸው ከሁሉ ቀርበው አፍንጫው ላይ ነበሩ።

ልጁ በዚህ መሀል ዓይኑን መግለጥ ጀምሮ ነበር። የሙሽራው አጎት ግን ቆመው የሚያዩ ሰው አልነበሩም። «አንሡት እንጂ! የሰው ልጅ መሬት ላይ ወድቆ ታያላችሁ?» ብለው ብብቱ ውስጥ ገብተው ቀጥ አድርገው አቆሙት። ልጁ ቆመ፤ ደሙ ወረደ፤ ዓይኑ ተገለበጠ፤ ተመልሶ ሄደ።

«ብያችሁ ነበር፣ ዓይን ነው! ዓይን ነው የበላው!» አሉ አንዲት እናት። አንዱ የሃይላንድ ውሃ ሙሉውን ደፋበት። ካሜራ ማኑ መቅረጹን አላቋረጠም። አጎትየው እንደገና ሊያነሡት ጎንበስ ሲሉ የሙሽራዋ አክስት ሰውን በክርናቸው እየከፈሉ ደረሱ። ነርስ ናቸው።

«ጋሼ፣ ይልቀቁት! ተዉት ይተኛበት!»

«መሬት ላይ?»

«መሬት ላይ።»

«በሱፉ?»

«በሱፉ!»

ከረባቱን ፈቱ፤ ቀበቶውን አላሉ፤ እግሩን አንሥተው የለስላሳ ሣጥን ላይ ሰቀሉት። ብዙም አልቆየ፣ ከንፈሩ ቀለም አወጣ፣ ዓይኑን ገለጠና «ቀለበቱስ?» አለ። ሕዝቡ እልል አለ። ክብሪት የጫረው ሰው ግን እስከ መልሱ ድረስ በየጠረጴዛው እየዞረ «ክብሪቷ ናት ያስነሣችው» ሲል ነበር።

ክብሪት እንዲህ በሰው ላብ ስም ያወጣች ናት። ጭሱ አፍንጫን ይቆጠቁጣል፤ የተቆጠቆጠ ሰው አየር ይስባል፤ ውጤቷ እርሱ ነው። ሰውየው ተጋድሞ እስካለ ድረስ ያለ ክብሪትም ይነቃ ነበር፤ የነቃበት ሰዓትና ክብሪት ተፈልጎ የተገኘበት ሰዓት ስለገጠመ ግን ምስጋናው ለእርሷ ሆነ። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የነበሩ የእንግሊዝ ወይዛዝርት ወገባቸውን በኮርሴት ጠፍረው፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ሲወድቁ፣ ከትንሽ ብልቃጥ አሞኒያ ያለበት ጨው ያሸቷቸው ነበር። ያም ይቆጠቁጣል፣ ያም ስም አወጣ። ኮርሴቱን ማላላት ለማንም አልታየውም ማለት ይከብዳል፤ በሰው ፊት ማላላቱ ግን ከመውደቁ የባሰ ነውር ነበር።

የእኛም ችግር ከዚህ አይርቅም። ሰው መሬት ላይ ተጋድሞ ሲታይ እናፍራለን፤ ለርሱም ለራሳችንም። ስለዚህ ደግነታችን መጀመሪያ የሚያስበው ማንሣትን ነው። የወደቀን ማንሣት ጽድቅ እንደሆነ ተምረን አድገናል፤ ደሃን ከሆነ አዎ፣ የከሰረ ነጋዴንም አዎ። ደም ያጠረው ጭንቅላት ግን ጽድቃችንን ትንሽ ቢያዘገዩለት ይመርጣል።

እናም አደራ፣ ሰው ሲወድቅ ስታዩ መጀመሪያ መተንፈሱን እዩ። የማይተነፍስ ከሆነ ወግ የለም፤ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ጋ 907 ይደወል፣ የሚያውቅ ሰው ደረቱን መጫን ይጀምር። የሚተነፍስ ከሆነ ግን በጀርባው አጋድሙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉለት፣ አንገቱንና ወገቡን አላሉለት፣ ዙሪያውን ልቀቁለት። አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፤ ውሃውም ነቅቶ በገዛ እጁ እስኪይዘው ይቆይ። ሲነቃ አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ይቀመጥ፣ ከዚያ ይቁም። በደቂቃ ውስጥ ካልነቃ፣ ደረቴን ካለ፣ እየሮጠ ሳለ ከወደቀ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይያት፣ ይየው። የዚህ ዓመት ሚዜዎች ደግሞ ቁርስ ብሉ፤ ጉልበታችሁን አታድርቁ፤ ጫማ ውስጥ ጣታችሁን አንቀሳቅሱ። ዓይናችሁ ጭልም ሲል ካሜራ ማኑ የፈለገውን ይበል፣ እዚያው ሣሩ ላይ ተጋደሙ። ሱፍ ላውንድሪ ይገባል።